«ፍራሹ» ከፍ ያለ ሰሞን

በዚያ ጥቅምት ከጅማ እስከ የቡ ከተማ፣ ከየቡም ወዲያ ቡና እስከሚበቅልበት ዳር ድረስ፣ ከእኔ ፒካፕ በላይ የነበረው ሰማይ ብቻ ነው። ደመናውም ቢሆን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ አንቴናዬን እንዳይነካ ይጠነቀቅ ነበር። ላም ከሥሩ ተጠልላ ዝናብ ታሳልፋለች። ባጃጅ በሁለቱ ጎማዎቼ መሃል ገብቶ በወዲያ በኩል ይወጣል። ጭቃ ሌሎች ሾፌሮች የሚያወሩት ተረት ሆነብኝ።

ይህ ሁሉ ንግሥና የቆየው አራት ቀን ነው። በአምስተኛው ቀን ያ ረጅም መኪናዬ በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎችን ተከትሎ፣ ባዶውን፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ አንገቱን ደፍቶ የቡ ገባ። እንዴት እንደዚያ እንደሆነ ልንገራችሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች የማወራውን በሁለት አካፍለው ነው የሚሰሙት፤ ልክ ናቸው። የዛሬውን ግን ከላሟና ከባጃጁ በቀር ምንም አልጨመርኩበትም።

ዕድሜዬ አርባ ሰባት ነው። ቁመቴን አትጠይቁኝ። አባቴ ከመንዝ በጸሐፊነት ተመድቦ ጅማ መጣ፤ እኔ እዚሁ በቾ ቦሬ ተወልጄ እዚሁ አረጀሁ። ሥራዬ ቡና ሲደርስ ከገበሬው እሸቱን ሰብስቤ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ማድረስ ነው። መኪናዬን ከሚስቴ በፊት ነው የማውቀው። አሮጌ ነው፤ የኋላ ባሌስትራው፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ቅጠል፣ ከብዙ ዘመን ሸክም የተነሳ ልሞ እንደ ጎማ ለስልሶ ነበር። ጉድጓድ ላይ ሲወርድ ቀስ ብሎ ይሰምጥና ቀስ ብሎ ይነሳል። ስለዚህ በየቡ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች «ፍራሽ» ብለው ስም አወጡለት። አራስ የምትጫነው በእሱ ነው፣ የታመመ ሽማግሌ የሚሄደው በእሱ ነው። «ፍራሹን ጥሩት» ይባላል። ሌላ ሰው ቢሆን ይኮራበት ነበር። እኔ ግን ስሙ ያቃጥለኝ ነበር። ወንድ ልጅ ፍራሽ እየነዳ ይኖራል?

ያቃጠለኝን ያጋለው ደግሞ ፋሲል ነው። ፋሲል እንደኔ እሸት ቡና የሚሰበስብ፣ እንደኔ አፈኛ፣ እንደኔ ግን ያልሆነ ረጅም ሰው ነው። በዚያ ዓመት መሰላል የሚያስፈልገው ፒካፕ ገዛ። አንድ ቀን ማጠቢያ ጣቢያው በር ላይ ጎኔ መጥቶ ቆመ። የእሱ መስኮት ከኔ ጣራ በላይ ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ታች፣ ወደ ጣራዬ ተናገረ።

«ዘሪሁን! አለህ እዚያ ውስጥ?»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቀልደኛ ሰው ሲቀለድበት ካልሳቀ ሥራውን ያጣል። ማታ ግን እንጀራው አልወረደልኝም።

በሳምንቱ ካርቶን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ውስጡ መኪና ከፍ የሚያደርግ ሙሉ ዕቃ ነው፤ የፊቱን ሞላ የሚያስረዝም ወፍራም ቀለበት፣ ረጃጅም ሾክ አብዞርበር፣ ለኋላው አዲስ ባሌስትራ። ካርቶኑን ተሸክሜ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ሸምሱ ጋራዥ ሄድኩ። ሸምሱ አብሮ አደጌ ነው። ኳስም ቡጢም አብረን ነው የተማርነው። በጅማ መካኒክ ብዙ አለ፤ መኪናን በጆሮው የሚያክመው ግን እሱ ነው።

ዕቃውን አንድ በአንድ መሬት ላይ ደርድሮ አየና፣ «አሪፍ ነው» አለ። «አራት ጣት ያነሳሃል። ለስላሳም ነው፣ እንደ ድሮው አይሆንም እንጂ ሰው አይጎዳም።»

«አራት ጣት? ፋሲል ፊት አራት ጣት ይዤ ልቁም?»

«ስንት ፈልገህ ነበር?»

ጥግ ላይ ወደተጣለው የብረት ክምር ጠቆምኩት። የተገለበጠ ትልቅ የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው፤ አንዱ ቅጠል የእጅ መዳፍ ውፍረት አለው። «ከእነዚያ ሦስቱን ጨምርልኝ።»

«ዘሬ፣ አብደሃል? ያ ሃምሳ ኩንታል የሚሸከም ብረት ነው። ባሌስትራ ቅጠሉ በበዛ ቁጥር ይደርቃል። ሲጫን ደህና ነው፤ ባዶውን ሲሆን ግን እንደ በቅሎ ይራገጣል።»

«ይራገጥ! ፍራሽ ከመባል በቅሎ መባል ይሻላል።»

«ሰውስ ስትጭን?»

«እኔ ቡና ነው የምጭነው። ሰው ከፈለገ ትራስ ይዞ ይምጣ።»

ሸምሱ ሳቀ። ያኔ በቀልዴ ይስቅ ነበር። ሲስቅ ደግሞ እምቢ ማለት አይችልም፤ ይህን ድክመቱን ከልጅነታችን ጀምሮ አውቃለሁ፣ ከልጅነታችን ጀምሮም ስጠቀምበት ኖሬአለሁ።

በነጋታው ሙሉ ቀን ሠራን። ሻንሲውን በክሪክ አንስቶ ከሥሩ ግንድ አስደገፈበት። የድሮዎቹ ቡሎኖች ዝገው አልፈታ ሲሉ ናፍጣ እያፈሰሰ በመዶሻ ለመናቸው። ያ የለሰለሰው አሮጌ ባሌስትራ ሲወጣ እንደ ደከመው ሰው ክንድ ዝርግት ብሎ ወደቀ። አዲሱን አስገባ፣ ሦስቱን ወፋፍራም ቅጠሎች አከለበት። መጨረሻ ላይ በቁልፉ እጀታ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክቶ አስረዘመው፤ «ቢስሚላህ» ብሎ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። ቡሎኑ ጮኸ። «ይሄን ከዚህ በኋላ የሚፈታው እኔ ብቻ ነኝ» አለ።

ክሪኩን ሲያወርደው መኪናው አልወረደም። እዚያው ሰማይ ላይ ቀረ። ወጥቼ ነዳሁት፤ የመጀመሪያው ጉብታ ላይ አናቴ ከጣራው ጋር ተላተመ። በሕይወቴ አናቴ የመኪና ጣራ ነክቶ አያውቅም ነበር። ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ቀን ማጠቢያ ጣቢያው በር ላይ ፋሲልን ጠበቅሁት። ጎኑ ሄጄ ቆምኩና መስኮቴን አወረድኩ።

«ፋሲል! አለህ እዚያ ውስጥ?»

ሰው ሁሉ በሣቅ ወደቀ። ፋሲል ቀና ብሎ መኪናውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ እንደገና መኪናውን። «ከዚያ እንዴት ነው የምትወርደው?» አለኝ።

ጥያቄውን ሳልመልስ ጥሩምባ ነፍቼበት ሄድኩ።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሸምሱ ደወለ። ድምፁ የሱ አልመሰለኝም።

«ሃርሜ ወድቃለች።»

እናቱን ነው። አደ ከዲጃ ከየቡ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኝ መንደር፣ በቡናዋ መሃል ነው የምትኖረው። ልጆቿ ከተማ እንድትገባ ለምነዋት «ቡናዬን ማን ሊለቅመው?» ብላ የቀረች ሴት ናት። ያን ቀን ጠዋት የለቀመችውን ቅርጫት ይዛ ስትመለስ በጭቃው ተንሸራታ ዳሌዋን መታች።

«መነሳት አልቻለችም። አምቡላንሱ የቡ አስፋልቱ ላይ ቆሟል፤ ዝናቡ መንገዱን ስላበላሸው ወደ ውስጥ አይገባም። ሰዎቹ በቃሬዛ እናውጣት እያሉ ነው፣ እኔ ግን ጠብቁ አልኳቸው። ያንተ ይገባል አይደል? የሚገባው ያንተ ብቻ ነው።»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከዚያ ሁሉ ነገር ጆሮዬ ላይ የቀረው «ያንተ ብቻ ነው» የሚለው ነው። ጭንቅ ውስጥ ሆኜ ፈገግ አልኩ።

ሸምሱን ከጋራዡ ወስጄ በረርን። ከየቡ ስንታጠፍ መንገዱ መንገድ አልነበረም፤ ሊጥ ነበር። አልዋሽም፣ መኪናው ገባበት። ሌላ መኪና ሆዱ የሚቀርበት ቦታ ላይ እኔ ሳልነካው አለፍኩ። «አየህ! አየህ!» እላለሁ። ሸምሱ በሁለት እጁ እጀታውን ይዞ ይነጥራል፣ ትከሻው ከበሩ ጋር፣ ጉልበቱ ከፊት ለፊቱ ክሩስኮት ጋር ይጋጫል። መካኒክ ነው፤ መኪናው የሚለውን ከእኔ በፊት ሰምቷል። አንዴ ብቻ፣ «ዘሬ፣ ስንመለስ ሱታ» አለ። ቀስ በል ማለቱ ነው።

ስንደርስ ደጁ በሰው ተሞልቷል። ቃሬዛው ተዘጋጅቶ፣ አደ ከዲጃ ብርድ ልብስ ተደርቦላት ተኝታበታለች። የመንደሩ ሽማግሌ አባ ጊዲ ሸምሱን ሳይሳለሙ ተናገሩ።

«ይሄኔ ግማሽ መንገድ አድርሰናት ነበር። መኪና ይመጣል ብለህ ነው የጠበቅነው።»

አደ ከዲጃ አንገቷን ወደ መኪናው አዙራ ረጅም ጊዜ አየችው። «ፍራሹ የት አለ?» አለች።

እኔ ከመስኮቴ ሆኜ፣ «ይኸው እናቴ፣ ራሱ ነው! አድጎ ነው!» አልኩ።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

መጫኑ ራሱ ሌላ ፍዳ ሆነ። ድሮ ቃሬዛው ከወገብ ከፍ ሲል ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። አሁን የጭነቱ ወለል የሰው ደረት ላይ ደርሷል። ስድስት ሰዎች ከራሳቸው በላይ አነሷት፤ የአንዱ እግር ጭቃው ላይ ተንሸራተተና ቃሬዛው አጋደለ። ጮኸች። አባ ጊዲ በመዳፋቸው የመኪናውን ጎን መቱት።

«ዘሪሁን፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ ቆጥ?»

መሪውን ይዤ ሞተሩን አስነሳሁ።

ሸምሱ ከኋላ ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠና ተነሳን። የምችለውን ያህል ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ እውነቴን ነው፣ ኤሊ ትቀድመኝ ነበር። ግን ባዶ መኪና፣ የሃምሳ ኩንታል ብረት፣ አንዲት ቀጭን ሴት። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ የኋላው ተራገጠና ጩኸቷ በኋለኛው መስታወት በኩል መጣ። ሁለተኛው ላይ የልጇን ስም ጠራች። ሦስተኛው ላይ ምንም አልሰማሁም፤ ያ ባሰ። ሸምሱ ከኋላ ጣራውን በቡጢ ደበደበ። ቆምኩ።

«ክብደት ይፈልጋል!» ሲል ሰማሁት። ከኋላ በእግር ለሚከተሉት ሰዎች ነው የሚናገረው። «ካልተጫነ አይለሰልስም። መኪናው ላይ ውጡ፣ ዳር ዳሩን ቁሙ፣ እሷን እንዳትነኩ!»

አሥር ሰው ያህል ወጣ። መኪናው ቁጭ አለ። እንደገና ስንሄድ ጉድጓዱ ላይ ቀስ ብሎ ሰመጠ፣ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጩኸት የለም። አላስቻለኝም፣ አንገቴን በመስኮት አወጣሁ።

«አላልኳችሁም? ፍራሽ ሆነ!»

ተናግሬ ሳልጨርስ ረግረጉ ጋ ደረስን። ከዳገቱ በፊት ያለች ዝቅ ብላ የተኛች መሬት ናት። ያን ሁሉ ሰው ተሸክሞ ገባባትና ጎማዎቹ ተቀበሩ። ነዳጅ ሰጠሁት፣ ዞረ፣ ይበልጥ ገባ። እንደገና ሰጠሁት። በእያንዳንዱ መንቀጥቀጥ ከኋላ አንድ ድምፅ ይሰማል፣ ሲቃ የመሰለ። አንድ ሰው «ተው! ተው!» አለ። አጠፋሁት።

ሞተሩ ሲጠፋ የአደ ከዲጃ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ። ረጋ ያለ ነበር።

«ኢልማ ኮ፣ አውርዱኝ። በሰው ትከሻ ልሂድ።»

ልጄ ነው የምትለው። ሸምሱ እናቱን አየ፣ ጎማውን አየ። ከዚያ እኔን ሳያይ፣ «እናውርዳት» አለ።

አወረዷት። ሰዎቹም ወረዱ። መኪናውን ባዶውን አስነሳሁት፤ አንዴ ብቻ አጉረምርሞ ከረግረጉ ዘሎ ወጣ። ያን ያህል ጉልበት እንዳለው እኔም አላውቅም ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ዳገት ነው። ቃሬዛ ተሸክማችሁ የማታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዳገት ላይ አጭር ሰው ከፊት ይገባል፣ ረጅም ሰው ከኋላ፤ አለበለዚያ በሽተኛው ወደ እግሩ ይንሸራተታል። ቁልቁለት ሲሆን ይለዋወጣሉ። ይህን በእኛ አካባቢ ሕፃን ያውቀዋል። ከፊት የያዙት ሁለቱ ረጃጅሞች ስለነበሩ አደ ከዲጃ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረች፣ በተንሸራተተች ቁጥር ታቃስታለች። አባ ጊዲ ቆም አሉና ዙሪያቸውን ተመለከቱ።

«አጭር ሰው ወደ ፊት! ዘሪሁን የታለ? ዘሪሁን፣ ና ግባ፣ የጎደለን ያንተ ቁመት ነው!»

በአርባ ሰባት ዓመቴ ቁመቴን የፈለገው የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

«መኪናውን ማን ይይዘዋል?» አልኩ ከላይ።

«እዚያው ይቁም! ማን ይሰርቅሃል?»

«አይ... ፍሬኑ ዳገት ላይ አይዝም፣ አባ ጊዲ። እናንተ ላይ ቢመጣስ?»

ሸምሱ ከቃሬዛው አጠገብ እየሄደ ዞር ብሎ አየኝ። ፍሬኑን በዚያው ሳምንት የሠራው እሱ ነው። ከፊት ካሉት ረጃጅሞች አንዱን አስወጣና ራሱ ገባ፤ ጉልበቱን አጥፎ፣ አጭር ለመሆን እየታገለ፣ ጎንበስ ብሎ ዳገቱን ተያያዘው። ዝናቡ ጀመረ። የእናቱን ፊት በነጠላ ሸፈኑት። እኔ መስኮቴን ዘጋሁ።

ሁለት ሰዓት ያህል እንደዚያ ሄድን። እነሱ ከፊት፣ በየመቶ እርምጃው ትከሻ እየተቀያየሩ፤ እኔ ከኋላ፣ በአንደኛ ማርሽ። የመስታወት መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይላል። የሸምሱ ጉልበት ታጥፎ ሲንቀጠቀጥ በመስታወቱ ይታየኛል፣ መጥረጊያው ያጠፋዋል፣ እንደገና ይታየኛል።

አስፋልቱ ላይ አምቡላንሱ ተቀበላት። ሸምሱ አብሯት ከመግባቱ በፊት ወደ መኪናዬ መጣ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ በልቤም ቢሰድበኝ ብዬ ለመንኩ። እሱ ግን ከኋላ ጎማው አጠገብ ተንበረከከ፣ እጁን ሰደደና ባሌስትራውን ያሠረውን ቡሎን ዳሰሰው።

«በእጄ ነው ያጠበቅኩት» አለ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለብረቱ። ተነስቶ ሄደ።

ሐኪሙ አጥንቱ መጀመሪያ ተሰንጥቆ ብቻ የነበረ ይመስላል፣ መንገድ ላይ ግን ተናግቶ ቦታውን ለቋል አለ። አደ ከዲጃ ከዚያ ወዲህ አልቆመችም። አሁን ሸምሱ ቤት፣ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነው የምትውለው። ቡናዋን ሌላ ሰው ይለቅማል፤ በደንብ አይለቅምም ብላ ትቆጣለች።

ሸምሱ በሁለተኛው ሳምንት ጠርቶኝ ሦስቱን ቅጠሎች አወጣቸው። ቡሎኑን የሚፈታው እኔ ብቻ ነኝ ያለው እውነቱን ነው፤ ግማሽ ቀን ፈጀበት። አሁንም ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቃል፣ መኪናዬን ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ቀልዴን እነግረዋለሁ፣ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ይሰማኛል፣ ከዚያ «እሺ ዘሬ» ይላል። አይስቅም። ቢመታኝ በተሻለኝ። አንባቢዎቼ፣ ለቀልደኛ ሰው ይህን የሚያክል እስር ቤት እንደሌለ እመኑኝ።

ስሙንም አሰብኩት። ያን ሁሉ ዓመት «ፍራሽ» ሲሉኝ የሰደቡኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰዎቹ ሲታመሙ የሚተኙበትን ነገር ስም ነው የሰጡኝ። ከእናንተ መሃል ሰው ያወጣለት ስም የሚያቃጥለው ካለ፣ ስሙን ከመፋቁ በፊት ያወጡለትን ሰዎች አንዴ ይጠይቃቸው። እኔ አልጠየቅሁም። ዛሬ መኪናው ለስላሳ ነው፤ ዕቃው እንደታዘዘው አራት ጣት ብቻ ከፍ ብሏል። ግን ማንም «ፍራሹን ጥሩት» አይልም። የዘሪሁን መኪና ነው የሚሉት።

ባለፈው ዒድ ልጠይቃት ሄድኩ። አደ ከዲጃ እጄን ይዛ ለእንግዶቿ አሳየችኝ። «ያን ቀን ለእኔ ብሎ በዚያ ጭቃ የመጣ ይሄ ነው» አለች። «በትከሻውም ተሸክሞኛል። ፊቴ ተሸፍኖ አላየሁም እንጂ ሁሉም ተሸክሞኛል። አላህ ትከሻህን አያድክመው፣ ኢልማ ኮ።»

ሸምሱ እዚያው ተቀምጦ ነበር። አንገቱን ደፍቶ የምንጣፉን ዳር ያስተካክል ጀመር።

«አሜን» አልኩ።

ትከሻዬ ግን ቃሬዛውን አልነካውም። ከወንበሬ ሥር፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ አንዲት ባለሦስት እግር በርጩማ ደብቄ ነበር። መኪናው ከፍ ካለ በኋላ ያለ እሷ መውጣት አልችልም ነበር፤ በእነዚያ ቀናት ሁሉ ሰው ሳያየኝ እየቆምኩባት ነው የወጣሁት። ፋሲል የጠየቀኝ ጥያቄ መልሱ ይሄ ነው። ፍሬኑ ደህና ነበር። መውረዱም ቀላል ነበር፣ መዝለል ብቻ ነው። መልሼ ስወጣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በርጩማዬን ማውጣት አፍሬ ነው ያልወረድኩት።